አእምሮው ለደከመ ወላጅ መጦሪያ ቤት ስንመርጥ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በደሴና በኮምቦልቻ አጥቢያዎች ምእመናን ከሚያቀርቡልን ጥያቄዎች መካከል እየበዛ የመጣ አንድ አለ። "እናቴ ልጆቿን መለየት ተስኗታል፤ ሌሊት ተነሥታ በር ከፍታ ትወጣለች፤ መጦሪያ ቤት ባስገባት ኃጢአት ይሆንብኛልን?" የሚል ነው። ጠያቂዎቹ ወላጆቻቸውን የጠሉ አይደሉም። አንዷ ልጅ በዓረብ ሀገር በሰው ቤት እየሠራች ገንዘብ ትልካለች፤ ወንድሟ በኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ ይሠራል፤ ታናሽየዋ አዲስ አበባ ትዳር መሥርታለች። እናት ግን ደሴ ላይ፣ ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት መንደር፣ ከአንዲት ወጣት ሠራተኛ ጋር ቀርተዋል። ሠራተኛዋም ደክሟት ልትሄድ ነው። ቀድሞ ይህን ሸክም ዘመድ፣ ጎረቤትና ማኅበርተኛ ይካፈለው ነበር፤ ዛሬ ቤቱ ሁሉ በየፊናው ተበትኗል።

ለዚህ ጥያቄ "ነው" ወይም "አይደለም" ብሎ በአንድ ቃል መመለስ ሰውን ወይ ያለ አግባብ ይከስሳል፣ ወይ ያለ አግባብ ያጽናናል። ወላጅን ለሌላ ሰው እጅ አደራ መስጠት በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ኃጢአቱ ጥሎ መሄድ ነው። ሁለቱን የሚለየው ከመግባታቸው በፊት የምናደርገው ምርመራና ከገቡ በኋላ የምናደርገው መመላለስ ነው። ይህ ጽሑፍም በአብዛኛው ስለ ምርመራው ነው።

መጻሕፍት ስለ ደከመ አእምሮ ምን ያስተምራሉ?

አባትና እናትን ስለ ማክበር የታዘዘውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጠቢቡ ሲራክ ግን ትእዛዙን ወደ ጉዳያችን አቅርቦታል። ልጅ አባቱን በእርጅናው እንዲረዳ ካዘዘ በኋላ፣ የአባቱ ማስተዋል ቢጎድል እንኳ እንዲታገሠው፣ በራሱ ብርታት ተመክቶም እንዳይንቀው ያስጠነቅቃል (ሲራ. 3፥12-13)። እንግዲህ የአእምሮ መድከም የመጽሐፍ ቅዱስ ጸሐፊ የማያውቀው፣ በእኛ ዘመን ብቻ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም ማለት ነው። የታዘዘውም ትዕግሥትና አለመናቅ ነው። ከዚህ በታች ስለ መጦሪያ ቤቶች የምንጠይቃቸው ጥያቄዎች ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ ይወጣሉ።

ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስም ለእግዚአብሔር መባ አድርጌዋለሁ በሚል ሰበብ አባትና እናታቸውን ከመጦር የሚሸሹትን ገሥጿል (ማር. 7፥9-13)። ለሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ብዙ ሺህ ብር እየሰጠ እናቱን ለሁለት ዓመት ያላያት ሰው ይህን ምዕራፍ ደግሞ ቢያነብብ መልካም ነው። ይህን የምንለው የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ሆነን ነው።

በሌላ በኩል ጌታችን ራሱ በዕለተ ዓርብ በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር ሰጥቷል (ዮሐ. 19፥26-27)። እመቤታችንም በዮሐንስ ቤት 15 ዓመት መኖሯን ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለች። አደራ መስጠት ከፍቅር ጋር እንደማይጣላ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ የለም። ጌታ የሰጣት ግን ለማን እንደሆነ እናስተውል፤ ለሚያውቀው፣ በመስቀሉ ሥር ለተገኘ፣ ከሌሎቹ ጋር ላልሸሸ ሰው ነው።

ስለ ደጉ ሳምራዊ የተነገረውም (ሉቃ. 10፥33-35) በአባቶች ትርጓሜ ስለ ጌታችንና ስለ ቤተ ክርስቲያን የተነገረ ምሥጢር ነው። ከንባቡ ብቻ ብንነሣ እንኳ ለዛሬው ጉዳያችን ይጠቅመናል። ሳምራዊው የቆሰለውን ሰው ወደ እንግዶች ማደሪያ ከመውሰዱ በፊት ቁስሉን በገዛ እጁ አሰረ። በማደሪያው አብሮት አደረ። በነጋው ሁለት ዲናር ከፈለ። የጎደለውንም ተመልሶ እንደሚከፍል ተናገረ። ማደሪያው አላስነቀፈውም፤ ምክንያቱም ሄዶ አልቀረም።

የቤተ ክርስቲያን ታሪክም የሕሙማንና የድሆች ማረፊያን አያፍርበትም። በስሙ ቅዳሴ ያለን ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቂሣርያ ከተማ ዳርቻ ለሕሙማን፣ ለእንግዶችና ለችግረኞች ታላቅ ማረፊያ አሠርቷል። ሰዎች ቤቱን በስሙ እስከመጥራት ደርሰው ነበር።

አስቀድሞ ሐኪም ይያቸው

ብዙ ቤተሰብ "ጃጅተው ነው" ብሎ ፍርዱን ከጨረሰ በኋላ ነው ቤት ፍለጋ የሚወጣው። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ሐኪሞች ዲሜንሺያ የሚሉት የመርሳት ሕመም የእርጅና ግዴታ አይደለም፤ አንጎልን የሚጎዱ የልዩ ልዩ ደዌዎች ውጤት ነው። ከመቶው ከ60 እስከ 70 የሚሆነው አልዛይመር በሚባለው ደዌ ይመጣል። ስሙንም ያገኘው በ1906 እ.ኤ.አ. ስለ ደዌው ከገለጠው ከጀርመናዊው ሐኪም ከአሎይስ አልዛይመር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር እንደሚኖሩ ገልጧል፤ ከእነርሱም ከመቶ ከ60 በላይ የሚሆኑት እንደ ሀገራችን ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ ሀገራት ይኖራሉ።

መርሳትን የሚመስል ግን ሊታከም የሚችልም አለ። የታይሮይድ ዕጢ መድከም፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ከባድ ኀዘንና ድባቴ፣ የመድኃኒቶች መደራረብ፣ እንዲሁም ሰው ወድቆ ጭንቅላቱን ከተመታ ከሳምንታት በኋላ በራስ ቅሉ ውስጥ ቀስ እያለ የሚጠራቀም ደም አእምሮን ያደክማሉ። ትናንት ደኅና የነበሩ አባት በሁለት ቀን ውስጥ ቢቀባዥሩ ደግሞ ነገሩ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል፤ ይህ አስቸኳይ ሕክምና የሚሻ እንጂ የመጦሪያ ቤት ጉዳይ አይደለም። ስለዚህ በደሴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም በቅርብ ባለ ጤና ተቋም የደም ምርመራ ይደረግ፤ ሐኪሙ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ወደ ቅዱስ አማኑኤል ሆስፒታል ቢጽፍም ድካም ነው ተብሎ አይቅር።

በዚህ ላይ ስለ ጠበል አንድ ነገር እንበል። እናት ጥላቸውን አይተው ቢጮኹ፣ ሌባ ገባ ብለው ልጃቸውን ቢወነጅሉ፣ ርኩስ መንፈስ ነው ብሎ የሚቸኩል አለ። ጠበሉ ይጠመቁ፤ ጸሎቱ ይደረስላቸው፤ ቀንዲልም ይቀቡ። ነገር ግን አረጋዊትን እናት በብርድ ሌሊት ማሰር፣ ያልሠሩትን እንዲናዘዙ ማስጨነቅ፣ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ማስጣል የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። ባለ መድኃኒትን የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተማረን ያው ሲራክ ነው (ሲራ. 38፥1-12)። ሐኪምን ቶሎ ማየት ሌላም ጥቅም አለው። አእምሯቸው ገና ሳይደክም ንስሐ ለመግባት፣ ኑዛዜ ለማድረግ፣ የት መኖር እንደሚፈልጉ ከራሳቸው አንደበት ለመስማት ጊዜ ይሰጣል። ወላጅን ሳይጠይቁ ስለ ወላጅ መወሰን የሚጀመረው ብዙ ጊዜ ገና መጠየቅ ሲቻል ነው።

የትኛው ቤት? ለማን የተሠራ?

በሀገራችን የታወቁት የአረጋውያን ማእከላት በአብዛኛው የተቋቋሙት ጧሪና ቀባሪ ላጡ ነው። በ2002 ዓ.ም. በክቡር ዶክተር ቢኒያም በለጠ በአዲስ አበባ የተመሠረተው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማእከል ለዚህ ታላቅ ምሳሌ ነው። በወላጆቹ ቤት ጀምሮ ዛሬ ከጎዳና የተነሡ ብዙ ሺህ ወገኖችን ይጦራል። ይህን የመሰለ ማእከል ሊረዱት፣ ሊያገለግሉበት የሚገባ ነው። ሦስት ልጅ፣ ቤትና ጡረታ ያላቸውን አባት "ዘመድ የለውም" ብሎ በዚያ ማስገባት ግን በጎዳና ወድቆ የሚጠባበቀውን የሌላ ሰው አልጋ መውሰድ ነው። በእኛ እምነት ይህ ጥሎ ከመሄድ አይለይም፤ ሐሰት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል።

አቅም ላለው ቤተሰብ የሚቀሩት መንገዶች በክፍያ የሚጦር ቤት፣ በቤት የሚቀጠር አስታማሚ፣ ወይም ከዘመድ ጋር ማኖር ናቸው። በክፍያ የሚጦሩ ቤቶች ይበልጥ የሚገኙት በአዲስ አበባ ነው፤ የመርሳት ሕመምን በትክክል የሚያውቅ አስታማሚ ያለው ቤት ደግሞ በዚያም ጥቂት ነው። ስለዚህ የደሴ ቤተሰብ የመጀመሪያ ጥያቄ ርቀት ሊሆን ይገባል። ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁ ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ በሚኒባስ ወርዶ ጠይቆ ለማታ መመለስ ይቻላል። አዲስ አበባ ግን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ "በየወሩ እንመጣለን" የተባለው በዓመት አንድ ጊዜ ለፋሲካ ሲሆን አይተናል። አምሮ የተሠራ ሩቅ ቤትና ተራ የሆነ ቅርብ ቤት ቢቀርቡልን፣ ንጽሕናውና ደኅንነቱ እስከተጠበቀ ድረስ ቅርቡን እንመርጣለን። ጠያቂ የሚመላለስባቸው አረጋዊ በአስታማሚው ዘንድም አይረሱም።

የአየሩም ነገር ቀላል አይደለም። ደሴ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በጦሳ ሥር ያለች ብርዳም ከተማ ናት፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ወርዳ ሞቃት ናት። የመርሳት ሕሙማን መብረዱን ወይም መጠማቱን መናገር ይሳናቸዋል። በደሴ ብርድ ልብሱንና የሌሊት ሙቀቱን፣ በኮምቦልቻ በየሰዓቱ ውኃ የሚያቀምስ ሰው መኖሩንና የወባ አጎበሩን መመልከት ያስፈልጋል።

በጉብኝት ጊዜ ምን እንመልከት?

አንድ ጊዜ በቀጠሮ፣ ሌላ ጊዜ ሳይነግሩ መሄድ ያሻል። በቀጠሮ ስንሄድ ቤቱ ለእኛ ተዘጋጅቶ ነው የሚጠብቀን። ሳይነግሩ ለመሄድ የሚመቸው የምሳ ሰዓትና ፀሐይ መጥለቂያ ነው። ምሳ ላይ አጎራረሱ ይታያል፤ በመሸ ጊዜ ደግሞ የብዙ ሕሙማን መቅበዝበዝና ጭንቀት ይበረታል፤ "ቤቴ ልሂድ" የሚሉት ያን ጊዜ ነው። አስታማሚው ለዚያ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ የቤቱን ነገር ይነግረናል። "ቁጭ በይ፣ ቤትሽ እዚህ ነው" ብሎ ይቆጣልን? ወይስ እጃቸውን ይዞ፣ ስለ ቤታቸው እያጫወተ ጥቂት ያንሸራሽራቸዋልን?

አጠራሩንም እንስማ። "እማማ"፣ "አባባ"፣ "እትዬ" እያለ በስማቸው፣ በእርስዎታ የሚያናግር ቤት አለ፤ በፊታቸው "ይቺ ሴትዮ ዛሬም አበላሸች" የሚልም አለ። ሕሙማኑ ቃሉን ባይይዙት እንኳ ፊትንና ድምፅን ያነብባሉ፤ ምክንያቱን ሳያውቁ ሲያዝኑ ይውላሉ።

ከዚያ ገላ አስተጣጠቡን እንጠይቅ። የኖኅ ልጆች ሴምና ያፌት የአባታቸውን ዕራቁትነት ፊታቸውን አዙረው፣ ወደ ኋላ ሄደው ሸፈኑ (ዘፍ. 9፥23)። እናትን ሴት ታጥባቸዋለች ወይስ የተገኘው ሰው? በር ተዘግቶ ነው ወይስ በረድፍ? የማይሸፈን ቤት ውስጥ የሴም በረከት የለም። ለሽንት የሚውለውን የአዋቂ ዳይፐር በቀን ስንት ጊዜ እንደሚቀይሩ፣ ከአልጋ የማይነሡትን በየሁለት ሰዓቱ የሚያገላብጥ መኖሩን እንጠይቅ። የአልጋ ቁስል ከተነሣ ቤቱ ከሚናገረው ሁሉ ይልቅ እርሱ እውነቱን ይናገራል። በንጉሥ ሚካኤል ዘመን በደሴ የተሠራው ታዋቂ አዳራሽ "አይጠየፍ" ይባላል፤ ሁሉም ሳይናናቅ በአንድ ማዕድ የሚቀርብበት ለማለት ነው። ለአስታማሚ ከዚህ የተሻለ የቅጽል ስም ልንሰጥ አንችልም፤ ስንጎበኝም የምንፈልገው ይህን ዓይነቱን ሰው ነው።

ስለ ማሰር በግልጽ መጠየቅ ያስፈልጋል። በአልጋ ወይም በወንበር ያስራሉን? ክፍል ላይ ይቆልፋሉን? ግቢው ታጥሮ፣ የውጭው በር ጠባቂ ኖሮት፣ በውስጡ ግን እንደ ልብ የሚመላለሱበት ቤት ትክክለኛው ነው። ልጅ በሌለበት ሰዓት የሚታሰሩ መሆናቸውን ለማወቅ የእጅ አንጓቸውን ማየት ይበቃል። ከገመድ የሚከፋም አለ፤ እርሱም በመድኃኒት ማሰር ነው። እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉ የሚያፈዝዙ መድኃኒቶች ለመርሳት ሕሙማን አረጋውያን በአንጎል ውስጥ ደም የመፍሰስና የመርጋት አደጋንም፣ ሞትንም እንደሚያበዙ ሕክምናው ያስጠነቅቃል። ሐኪም አስቦ ለአጭር ጊዜ ሊያዝዘው ይችላል፤ ቤቱ በራሱ ፈቃድ፣ እንዲተኙለት ብሎ ሊሰጠው ግን አይገባም። "ምን መድኃኒት ይሰጣል? ማን አዘዘው? የት ተመዝግቧል?" ብለን መዝገቡን እንይ። በቀን ሁሉም በወንበር ላይ አንገታቸውን ደፍተው የሚያንቀላፉበት ጸጥ ያለ ቤት ቢያጋጥመን ጸጥታው ሊያስፈራን ይገባል።

ሌሊት ስንት ሰው ነቅቶ ያድራል? ወለሉ የሚያንሸራትት ሴራሚክ ነውን? መጸዳጃው መቀመጫና መደገፊያ አለውን? ምግቡ ለመዋጥ ለሚቸገሩ ይለዝባልን? ሕመሙ ሲገፋ መዋጥ ይከብዳልና፣ ፍትፍቱን አርሶ በትንሽ በትንሹ የሚያጎርስ፣ ተቀምጠው እንጂ ተጋድመው የማያበላ ሰው ያስፈልጋል። ቋንቋም አይዘንጋ። በደቡብ ወሎ ከአማርኛ በፊት በኦሮምኛ ወይም በአርጎብኛ አፋቸውን የፈቱ አረጋውያን አሉ፤ ሕመሙ ሲገፋ ብዙዎች ወደ ልጅነት ቋንቋቸው ይመለሳሉ። ውኃ የሚሉትን የሚሰማ ከሌለ በውኃ ዳር ይጠማሉ።

አንድ ጥያቄ ደግሞ በደሴና በኮምቦልቻ ሰው ዘንድ ማብራሪያ አይሻም። በክፉ ቀን ምን ታደርጋላችሁ? በ2014 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር ሁለቱ ከተሞች በጦርነት ውስጥ ሲወድቁ፣ ሆስፒታሉም ሲዘረፍ፣ የሚሮጥ ሮጠ፤ መሮጥ የማይችል ቀረ። ቤቱ አረጋውያኑን የሚያጓጉዝበት፣ የተጠራቀመ ምግብና መድኃኒት የሚይዝበት፣ ለቤተሰብ የሚደውልበት ሐሳብ ካለው ይንገረን። "እግዚአብሔር ያውቃል" የሚል መልስ እውነት ቢሆንም በቂ አይደለም።

ሥጋቸው ሲጦር ነፍሳቸው እንዳትራብ

የልጆቻቸውን ስም የረሱ እናት "አቡነ ዘበሰማያት" ሲጀመር እስከ መጨረሻው ሲደግሙ ማየት በእኛ አገልግሎት የተለመደ ነው። ለዘመናት በየቀኑ የተደገመ ነገር በአንጎል ውስጥ ከቅርቡ ትዝታ ይልቅ ዘግይቶ ይጠፋልና፤ ውዳሴ ማርያሙም፣ መዝሙረ ዳዊቱም፣ የሰንበቱ መዝሙርም እንዲሁ ነው። ስለዚህ በመጦሪያው የጸሎት ሰዓት መኖሩ፣ ሥዕለ አድኅኖ መሰቀሉ፣ የደወል ድምፅ መሰማቱ ከጌጥ የሚቆጠር አይደለም፤ ከቀራቸው ትዝታ ጋር የሚያገናኛቸው ገመድ ነው። ማተባቸው ለጥንቃቄ በሚል ሰበብ እንዳይበጠስ ቀድሞ መነጋገር ይገባል፤ እንዳያንቅ ማሳጠር ይቻላል።

ሥጋ ወደሙን ስለ መቀበላቸው ብዙዎች ይጨነቃሉ። "አያውቁትምና አይገባቸውም" የሚል አለ። ወንዶች በ40፣ ሴቶች በ80 ቀናቸው ተጠምቀው የሚቈርቡ ሕፃናት ግን የዕውቀት ፈተና አልተሰጣቸውም። ዕድሜያቸውን በንስሐና በቍርባን የኖሩ አረጋዊ አእምሯቸው ስለ ደከመ ከቤተ ክርስቲያን ማዕድ የተባረሩ አይደሉም። ውሳኔው የንስሐ አባታቸው ነው፤ እርሳቸውም መዋጥ መቻላቸውን፣ ቅዱሱን ምሥጢር እንዳይተፉ ማድረግ መቻሉን፣ ከቍርባን በፊት የሚጠበቀውን የ18 ሰዓት ጾም ይመረምራሉ። ስለዚህ መጦሪያ ቤቱ የንስሐ አባትን ያስገባልን? በዋዜማው ምግብ እንዳይሰጥ ቢነገረው ይጠብቃልን? ብለን እንጠይቅ። ስለ አጽዋማት ደግሞ ሥርዓታችን ሕሙማንን አያስገድድም። ይሁን እንጂ ዕድሜ ልካቸውን ሲጾሙ የኖሩ እናት በዓርብ ቀን ወተት ሲቀርብላቸው ቢደነግጡ "ረስተውታል፣ አያውቁትም" አይባልም፤ የጾም አጥሚት ማዘጋጀት ከባድ አይደለም። የሰውነታቸው መክሳት ግን ከታየ ሐኪሙና የንስሐ አባታቸው ተነጋግረው ይፍቱላቸው።

ወሎ ነውና በአንድ ጣሪያ ሥር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይጦራል፤ ይህ ያለ ነገር ነው፤ ጎረቤታችን የሆነች ሙስሊም እናት ለክርስቲያኗ ጓደኛዋ ከልጅ በላይ ስትሆን ያየን ነን። በቤቱ የሁለቱም የእርድ ሥጋ ተለይቶ መቅረቡን፣ የሁለቱም ጸሎት መከበሩን መጠየቅ ለእኛም ለእነርሱም ነው።

ገንዘብና ውክልና

ውሉ በጽሑፍ ይሁን። የወሩ ክፍያ ምን ምን ይጨምራል? ዳይፐር፣ መድኃኒት፣ ሆስፒታል መሄጃ? ሕመሙ ሲገፋ "አንችልም፣ ውሰዱ" የሚሉበት ጊዜ አለን? የመርሳት ሕመም ለብዙ ዓመታት የሚቆይ ነውና በአንድ ልጅ ትከሻ ላይ የተጣለ ክፍያ በሁለተኛው ዓመት ይቋረጣል። ወንድማማቾች አስቀድመው ይስማሙ፤ በውጭ ያለው ገንዘብ ሲልክ ቅርብ ያለው ጊዜውን ይስጥ፤ ጊዜውን የሰጠውም ምንም እንዳልሰጠ አይቆጠር። ወላጅን መጦር በቤተሰብ ሕጋችንም የልጆች ግዴታ መሆኑን ማወቅ መልካም ነው።

የመጦሪያ ቤቱ ባለቤት በወላጃችን ንብረት ላይ ውክልና ወይም የስጦታ ውል ከጠየቀ ከዚያ ቤት እንውጣ። ልጆችም ቢሆኑ አእምሯቸው ከደከመ በኋላ በጣታቸው አስፈርመው ቤት መሸጥ የለባቸውም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለእንዲህ ያለው ጊዜ በፍርድ ቤት የሚሾም ሞግዚትን ሥርዓት አበጅቷል። መንገዱ ረጅም ነው፤ ነገር ግን ወንድማማችን ከመካሰስ፣ አረጋውያንንም ከመዘረፍ ያድናል።

ከገቡ በኋላ

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ናቸው። ያለቅሳሉ፤ ይቆጣሉ፤ ምግብ እምቢ ይላሉ። ከሳምራዊው የምንማረውን እዚህ ላይ እንጠቀም፤ ቢቻል አንድ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አብሮ ይዋል። ከቤት የሚያውቁትን ጋቢ፣ መቋሚያ፣ የጸሎት መጽሐፍ፣ የቡና ሲኒ ይዘን እንሂድ። የሕይወት ታሪካቸውን በአንድ ገጽ ጽፈን ለአስታማሚው እንስጥ፤ ምን ሠርተው እንደኖሩ፣ ምን እንደሚወዱ፣ ምን እንደሚያስፈራቸው። ደጀ ሰላም የኖሩ መሪጌታ መሆናቸውን ያወቀ አስታማሚ ሌሊት ተነሥተው "ማሕሌት ልሂድ" ሲሉ እብደት አይመስለውም።

ስንጠይቃቸው "እኔ ማን ነኝ?" እያልን አንፈትናቸው። ስማችንን እኛው እንንገራቸው። ልጃቸውን "ወንድሜ" ቢሉትም ቀርበውታልና አያርማቸው። ሰንበት ትምህርት ቤቶችና ጽዋ ማኅበራት በዓመት አንድ ቀን በካሜራ ታጅበው ከሚሄዱ ይልቅ ሁለት ሁለት እየሆኑ በየሳምንቱ ቢሄዱ ይሻላል፤ ያለ ፈቃዳቸው የሚነሣ ፎቶግራፍም የሴምንና የያፌትን ሥራ ያፈርሳል።

የመጨረሻው ጥያቄ የሚከብድ ነው፤ ከመግባታቸው በፊት ግን መጠየቅ አለበት። ሲያጣጥሩ ቤቱ ለማን ይደውላል? ካህን ይጠራልን? በሌሊት ቢያርፉ እስኪነጋ ማን አጠገባቸው ይቆያል? ፍትሐቱ በየትኛው አጥቢያ ይደርሳል? ሥርዓተ ቀብሩስ የት ይፈጸማል? ብዙ ቤተሰብ ወላጁን ወደ ሌላ ከተማ ሲወስድ የዕድሩን መዋጮ ያቋርጣል፤ ከዓመታት በኋላ አስከሬን ይዞ ሲመጣ ስማቸው ከመዝገብ ተሰርዞ ይጠብቀዋል። መዋጮው በስማቸው ይቀጥል፤ ወርሐዊ ጽዋቸውም በልጃቸው እጅ ይድረስ። የንስሐ አባታቸውና የዕድሩ ዳኛ ስልክ ቁጥርም ከመድኃኒታቸው ዝርዝር ጋር በአንድ ወረቀት ተጽፎ በመጦሪያ ቤቱ መዝገብ ውስጥ ይቀመጥ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።